ኢ ኮላይ መቼ ነው የሚያሳምመው? የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከጂን በኩል ሲታይ

ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች ያደረግኩትን ንግግር በጽሑፍ እንፈልገዋለን ያላችሁኝ በዝታችኋል፤ ይኸው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ጥያቄ የበዛበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ የሁላችንም አንጀት ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። በተወለድን በቀናት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜያችንን ሙሉ አብሮን ይኖራል። አያሳምመንም። ይኸው ባክቴሪያ ግን ወደ ሽንት ቧንቧ ሲገባ ሰውን አልጋ ላይ ያውላል። ሌላ የጤና እክል የሌለባቸውን ሴቶች ከሚይዘው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከአራቱ ሦስቱን ያህል የሚያመጣው እሱ ነው። ታዲያ ያው ኢ ኮላይ አንዱ ሰው ጋ ዝም ብሎ እየኖረ ሌላው ጋ ኩላሊት ድረስ የሚወጣው ለምንድን ነው? «ቦታው ያልሆነ ቦታ ስለገባ» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ጂኑ ውስጥ ነው፣ ዛሬ የማወራውም ስለዚያ ነው።

በሽታው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰዎችን እንደያዘ ይገመታል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉን በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። ከእነዚያ ውስጥ ደግሞ ሩብ ያህሉን በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ ይይዛቸዋል። ሲሸኑ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ሄደው ተቀምጠው ደግሞ ጠብ አለማለት፣ ከእምብርት በታች መውጋት፤ ያየችው ታውቀዋለች። እኛ ሰፈር «ብርድ መትቶሽ ነው» ይባላል። ሌላው የሚባለው ደግሞ የባሰ ነው፣ «ንጽሕናሽን ባለመጠበቅሽ ነው»። ይህን የተባለች ሴት አፍራ ሐኪም ጋ ሳትሄድ ትቆያለች። ሴቶች ላይ የሚበዛው የሽንት መውጫ ቧንቧቸው አጭር ስለሆነና ለፊንጢጣ ቅርብ ስለሆነ ነው። አፈጣጠር ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ወደ ባክቴሪያው።

ኢ ኮላይን መጀመሪያ ለይቶ የጻፈው ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ነው፣ በ1885፣ ሙኒክ ከተማ፣ ከሕፃናት ሰገራ። ከሱ ብዙ ዓመት በኋላ በ1922 ኬ-12 የሚባል ኢ ኮላይ ከአንድ ታማሚ ተወሰደና የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ሆኖ ቀረ። እኛ ዛሬ ስለ ጂን ከምናውቀው ብዙው የተገኘው በሱ ላይ ነው። በ1997 አሜሪካ ውስጥ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኬ-12ን ዲ ኤን ኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡት። 4.6 ሚሊዮን ፊደል (ዲ ኤን ኤ የተጻፈባቸው ኬሚካሎች ማለቴ ነው)፣ ወደ 4,300 የሚጠጋ ጂን። ሰው አያሳምምም።

በ2002 ደግሞ ሲ ኤፍ ቲ 073 የሚባል ሌላ ኢ ኮላይ ተነበበ። ይኼኛው የመጣው ኩላሊቷ ክፉኛ ከታመመ ሴት ነው። ርዝመቱ 5.2 ሚሊዮን ፊደል ሆኖ ተገኘ። ከኬ-12 በግማሽ ሚሊዮን ፊደል ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ለባክቴሪያ እጅግ ብዙ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሚያመጣው ሦስተኛ ኢ ኮላይ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ሲያነጻጽሯቸው፣ ሦስቱ በድምሩ ከሚሠሯቸው የፕሮቲን ዓይነቶች ለሦስቱም የጋራ የሆነው 39 ከመቶ ብቻ ሆነ። ይህን ቁጥር በደንብ ያዙልኝ። የላቦራቶሪ ውጤት ላይ «ኢ ኮላይ» ተብሎ በአንድ ስም ሲጻፍ፣ ከስሙ ጀርባ ያለው ፍጡር ከታማሚ ታማሚ እንዲህ ይለያያል።

ትርፉ ግማሽ ሚሊዮን ፊደል ከየት መጣ? እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላውራ፤ ታሪኩ በጣም ይማርከኛል።

ጀርመን አገር፣ ቩርትስቡርግ ከተማ፣ ዮርግ ሃከርና ባልደረቦቹ 536 የሚባል ስትሬይን፣ ማለትም አንድ የኢ ኮላይ ዘር፣ ያጠኑ ነበር። እሱም ከኩላሊት ታማሚ የተገኘ ነው። ብለድ አጋር ላይ፣ ማለትም ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የሚበቅልበት ደም ያለበት ሳህን ላይ፣ ዘርቶ ያየ ሰው የምለው ቶሎ ይገባዋል። ሳህኑ ደም ተቀላቅሎበት ቀይ ነው። ሄሞላይሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመርት ኢ ኮላይ ሲዘራበት፣ ሲያድር በየኮሎኒው (አብረው የበቀሉ ባክቴሪያዎች ክምር) ዙሪያ ያለውን ቀይ የደም ሴል ያፈርሰዋል። ቀዩ ይጠራና ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ይወጣል። 536 ይህን ቀለበት ያወጣል። አልፎ አልፎ ግን ከብዙ ኮሎኒ መሃል አንዱ ቀለበት ሳይኖረው ይገኛል። እንዲህ ያሉትን ለይተው ሲመረምሩ የጠፋው መርዙ ብቻ አልነበረም። ሴል ላይ መጣበቂያ ፀጉሮቹም አብረው ጠፍተዋል። አይጥ ላይ ሲሞከር የማሳመም ኃይሉም ወርዷል። መርዝና መጣበቂያ በሥራ የማይገናኙ ናቸው፣ ለምን አብረው ይጠፋሉ? ጂኖቻቸው በአንድ ረጅም የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን ስለተቀመጡና ቁራጩ እንዳለ ተነቅሎ ስለወጣ ነው። ይህን ዓይነቱን ቁራጭ ፓቶጂኒሲቲ አይላንድ፣ የበሽታ አምጪነት ደሴት አሉት። ዛሬ ስሙ በብዙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ላይም ይሠራበታል።

ደሴቶቹ ከውጭ እንደመጡ የሚያሳብቅባቸው ነገር አለ። የፊደሎቻቸው ስብጥር ከቀረው ዲ ኤን ኤ ይለያል። የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ ቲ አር ኤን ኤ የሚባለውን ሞለኪውል በሚሠሩ ጂኖች ጫፍ ላይ ነው፤ የባክቴሪያ ቫይረሶችም መግባት የሚወዱት እዚያው ነው። ውስጣቸው ደግሞ ዲ ኤን ኤ የሚቆርጡና የሚሰኩ ኢንዛይሞች ጂን፣ አንዳንዴም የተሰባበረ ቅሪቱ፣ ይገኛል። እንግዲህ ባክቴሪያው እነዚህን ጂኖች ከእናቱ አልወረሰም፤ ወይም ከእናቱ የወረሰው እሷ ከሌላ ባክቴሪያ ተቀብላው ነው። እኛ ሰዎች ከጎረቤት ጂን መቀበል አንችልም። እነሱ ይችላሉ።

እስካሁን ያወራሁት ቀላል ታሪክ ያስመስለዋል። ክፉ ጂን ያለው ክፉ፣ የሌለው ደግ። እንዲህ አይደለም። ለፊኛ ኢንፌክሽን ከሁሉም ዋነኛው ጂን ደሴት ላይ የለም። ሰላማዊው ኬ-12 ጋም አለ።

ፊም ኤች ይባላል። ኢ ኮላይ ገላው ላይ ፊምብሪያ የሚባሉ ቀጫጭን ፀጉር መሰል ነገሮች ያወጣል። አንድ ባክቴሪያ በመቶ የሚቆጠሩ ሊኖሩት ይችላል። በእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ላይ ፊም ኤች የሚባል ፕሮቲን ተቀምጧል። ይህ ፕሮቲን ማኖስ የሚባል ስኳር ይይዛል። የሽንት ፊኛችን ውስጠኛ ገጽ ደግሞ ዩሮፕላኪን በሚባሉ ፕሮቲኖች የተነጠፈ ነው፣ እነሱም ላይ ማኖስ አለ። ባክቴሪያው እዚያ ላይ ይይዛል፣ ሽንት ጠርጎ አያወጣውም። ጂኑ የጠፋበት ኢ ኮላይ አይጥ ፊኛ ውስጥ ሲገባ አቅም ያጣል።

ታዲያ ሁሉም ኢ ኮላይ ጂኑ ካለው ልዩነቱ ምንድን ነው? በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ኤቭጌኒ ሶኩሬንኮ ከባልደረቦቹ ጋር በ1998 ያሳየው ይህን ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖሩት የአብዛኞቹ ፊም ኤች በደንብ የሚይዘው ሦስት ማኖስ ሲቀጣጠል ነው። ከሽንት ታማሚዎች የተገኙት ላይ ግን ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንድ ወይም ሁለቱ ተቀይሮ አንዷን ማኖስ ብቻዋን አጥብቆ ይይዛል። አዲስ ጂን አልመጣም። ከውጭ የገባ ነገር የለም። የነበረው ፕሮቲን ላይ ጥቂት ፊደል ተቀየረ፣ በቃ። ፊኛ ውስጥ ጥቅም አገኘበት። አንጀትና ጉሮሮ ውስጥ ግን ይህ ለውጥ ሊጎዳው ይችላል፤ እዚያ የማያስፈልግ ቦታ ላይ ያስይዘዋልና።

በ2002 እነዚሁ የሲያትል ሰዎች ሌላ ነገር ጨመሩ። ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ የተጣበቀ ነገር ይላቀቃል ብለን ነው የምንገምተው። ፊም ኤች ግን ሲጎትቱት የባሰ ይጠብቃል፣ ልክ እንደ ሸምቀቆ። ፈሳሹ ሲረጋ ላላ ይልና ባክቴሪያው መንቀሳቀስ ይችላል። ሽንት ሲወርድ ደግሞ ሙጭጭ ይላል። ሽንት የሰውነታችን መከላከያ ነው ብለን የምናስበውን ነገር ይህ ፕሮቲን ለራሱ አዋለው።

ሌላም አለ። ኢ ኮላይ እነዚህን ፀጉሮች ሁልጊዜ አያወጣም። ፊም ጂኖቹ ፊት ለፊት 314 ፊደል የሆነች አጭር ዲ ኤን ኤ አለች። ሁለቱ ጫፎቿ ላይ ተመሳሳይ ግን የተገላበጠ አጭር ጽሑፍ አለ። ኢንዛይሞች ከሁለቱም ጫፍ ቆርጠው ይገለብጧታል። ጂኑን የምታስጀምረው ምልክት እዚህች ውስጥ ስላለች፣ ወደ ጂኑ ስትዞር ፀጉር ይወጣል፣ ፊቷን ወደ ሌላ ስታዞር ይቆማል። ፊም ቢ የሚባለው ኢንዛይም በሁለቱም አቅጣጫ ይገለብጣል። ፊም ኢ በአብዛኛው ወደ መዝጋት ነው የሚያጋድለው። ስለዚህ ከአንድ እናት የተወለዱ፣ ጂናቸው አንድ የሆነ፣ እዚያው አንድ ጠብታ ሽንት ውስጥ ያሉ ሁለት ባክቴሪያዎች አንዱ ባለፀጉር ሌላው መላጣ ሊሆን ይችላል። ፊኛ ግድግዳ ላይ የተያዙት ባለፀጉሮቹ ናቸው። ሽንት ላይ የሚንሳፈፉት ብዙዎቹ ዘግተውታል። እኛ ላቦራቶሪ የምንቀበለው ደግሞ የሚንሳፈፈውን ነው። ይህን ለላቦራቶሪ ተማሪዎች ደጋግሜ እላለሁ፤ የሽንት ናሙና በሽታው ካለበት ቦታ የወጣውን እንጂ እዚያው የቀረውን አያሳይም።

የቀረው ምን ያደርጋል? ወደ ውስጥ ይገባል። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ከሲያትሉ ሌላ ነው) የስኮት ሃልትግረን ቡድን በ2003 የአይጥ ፊኛ ሴል ውስጥ ታጭቀው የሚባዙ ባክቴሪያዎችን በማይክሮስኮፕ አሳየ። ኢ ኮላይ ከሴል ውጭ የሚኖር ባክቴሪያ ነው ብለን ለተማርን ሰዎች ይህ አስደንጋጭ ነበር። ሴል ውስጥ ሲሆን ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች በደንብ አያገኙትም፣ የሰውነት ወታደር ሴሎችም እንደዚያው። በ2007 እዚያው ቡድን የሴቶችን ሽንት መረመረ። ከ80 የፊኛ ኢንፌክሽን ታማሚዎች በ14ቱ ሽንት ውስጥ በባክቴሪያ የተሞሉ የረገፉ ሴሎች ተገኙ። ምልክት በሌላቸው ሴቶች ሽንት ውስጥ ግን አልተገኙም። መድኃኒቷን ጨርሳ በወሩ የሚመለስባት ሴት «በትክክል አልወሰድሽውም» ስትባል እኔ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል። በትክክል ወስዳውም ሊመለስ ይችላል። ከአንጀት እንደገናም ሊመጣ ይችላል።

ወደ ኩላሊት የሚወጣው ሌላ መያዣ አለው። ፒ ፊምብሪያ ይባላል፣ ጂኖቹ ፓፕ ይባላሉ፣ እነዚህ ደሴት ላይ ናቸው። ጫፉ ላይ ያለው ፓፕ ጂ ማኖስን አይፈልግም። የሚፈልገው ሁለት ጋላክቶስ የተያያዘበትን ስኳር ነው፣ እሱም የኩላሊት ሴሎች ላይ በብዛት አለ። ይህ የታወቀበት መንገድ ደስ ይላል። በ1980 አካባቢ ስዊድን ውስጥ ሁለት ቡድኖች ከኩላሊት ታማሚዎች የተገኘ ኢ ኮላይ የሰው ቀይ የደም ሴል ጋር ሲቀላቀል እንደሚያጓጉለው ያውቁ ነበር። ከዚያ ፒ የሚባለው የደም ዓይነት ምልክት ጨርሶ የሌላቸውን እጅግ ጥቂት ሰዎች ደም ሞከሩ። አልጓጎለም። ባክቴሪያው የሚይዘው ነገር እዚያ ደም ላይ የለማ። የደም ሴላችን ላይ ያለው ስኳር ኩላሊታችንም ላይ አለ። እንግዲህ የሚያሳምመው የባክቴሪያው ጂን ብቻውን አይደለም፤ የታማሚው ጂንም አለበት።

ከያዘ በኋላ መብላት አለ። ብረት፣ ማለትም አይረን፣ ከሌለ ባክቴሪያ አይባዛም። ሰውነታችን ይህን ያውቃልና ብረቱን ደብቆ ይይዛል፤ ሽንት ውስጥ ነፃ ብረት የለም ማለት ይቻላል። ኢ ኮላይ ደግሞ ኢንተሮባክቲን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይለቃል፣ ብረት ይዞ ወደሱ የሚመለስ። ኬ-12ም ይህን ይሠራል። ሰውነታችን በበኩሉ ሊፖካሊን-2 የሚባል ፕሮቲን ያወጣና ኢንተሮባክቲኑን ከነብረቱ ቀልቦ ያስቀራል። ጨዋታው እዚህ ቢያልቅ እኛ አሸንፈን ነበር። ብዙዎቹ የሽንት ኢ ኮላይዎች ግን ተጨማሪ ጂኖች አሏቸው። ኢንተሮባክቲኑ ላይ ግሉኮስ ይለጥፉበታል። ስኳሩ ሞለኪውሉን ስለሚያሰፋው ሊፖካሊን መያዝ ያቅተዋል። ያ የተለወጠው ሳልሞኬሊን ይባላል። ከዚያ ሌላ ኤሮባክቲን አለ፣ የርሲኒያባክቲን አለ፤ አንዱ ቢያዝ በሌላው ይቀጥላል።

መርዞቹን ቶሎ ላልፋቸው። ሄሞላይሲን ሴል ይበሳል። ሲ ኤን ኤፍ 1 የሚባለው የሴሉን አጽም የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች ሥራቸውን እንዳያቆሙ አድርጎ ያበላሻል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ደሴት ላይ ጎረቤት ናቸው። ሁሉም ታማሚ ላይ ያለ ኢ ኮላይ አይዛቸውም፣ ሳይዟቸውም ማሳመም ይቻላል።

አሁን ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ። ማሳመም ትርፍ ጂን ከማግኘት ከመጣ፣ አለማሳመም ደግሞ ከማጣት ሊመጣ ይገባል አይደል? መጥቷል።

ስዊድን፣ ጎተንበርግ። አንዲት ልጅ ሽንቷ ውስጥ ኢ ኮላይ ይገኛል። ሦስት ዓመት ያህል ይኖራል። አያቃጥላትም፣ አያተኩሳትም፣ ኩላሊቷ ደህና ነው። ባክቴሪያው 83972 ተብሎ ተመዘገበ። ጂኖቹ ሲነበቡ ቅድመ አያቶቹ አሳማሚ እንደነበሩ ያስታውቃል። የፒ ፊምብሪያ ጂኖች አሉት፣ ግን ፊደል ተቀይሮባቸው አይሠሩም። ፊም ጂኖቹም ከፊሉ ተቆርጠው ጠፍተዋል፣ ከ4,000 በላይ ፊደል። ብረት መሰብሰቡን ግን አልተወም፤ ሽንት ውስጥ በደንብ ያድጋል። የሚያስቆጣውን ትቶ የሚያኖረውን ይዟል። እዚያው ስዊድን የሉንድ ከተማ ተመራማሪዎች፣ በተለይ ካታሪና ስቫንቦርግና ባልደረቦቿ፣ ይህን ባክቴሪያ ፊኛቸው ሙሉ በሙሉ የማይፈስላቸውና ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ታማሚዎች ፊኛ ውስጥ ሆን ብለው አስገቡት። ቦታውን ይዞ ሌላ አሳማሚ እንዳይገባ። ባክቴሪያው በኖረባቸው ጊዜ ኢንፌክሽኑ ቀነሰላቸው። በ2010 ደግሞ ከተለያዩ ሰዎች መልሰው ወስደው ዲ ኤን ኤውን ሲያነቡት፣ በየሰዉ ውስጥ በየራሱ መንገድ ተለውጦ አገኙት።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ቤታችን ድረስ ስለሚመጣ ነው። አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ምርመራ ሄዶ፣ ምንም ሳያመው፣ «ሽንትህ ውስጥ ባክቴሪያ አለ» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል። ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚታከመው! ምልክት ከሌለ አብዛኛው ሰው መታከም የለበትም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን መታከም አለባት፤ ወደ ኩላሊት ቶሎ ይወጣል፣ ለእሷም ለፅንሱም አደገኛ ነው። የሽንት ቧንቧን ሊያቆስል የሚችል ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት የተቀጠረ ሰውም እንደዚሁ። ጣሊያን ውስጥ በ2012 በወጣ ጥናት ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ከ600 በላይ ወጣት ሴቶች ምልክት ሳይኖራቸው ባክቴሪያ ተገኘባቸው፤ ከፊሎቹ ታከሙ፣ ከፊሎቹ ተተዉ። በዓመቱ ኢንፌክሽኑ የበዛው የታከሙት ላይ ሆነ። ዝም ብሎ የሚኖረውን ስታጠፉት ቦታውን ማን እንደሚወርሰው አታውቁም።

«መድኃኒት የተለማመደው ባክቴሪያ የበለጠ ያሳምማል ወይ?» ብላ አንዲት ተማሪ ጠየቀችኝ። ሁለቱ የተለያዩ ጂኖች ናቸው። ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባለውን አንቲባዮቲክ የሚያስቋቁሙት ለውጦች ጋይር ኤ እና ፓር ሲ የሚባሉ ጂኖች ላይ ናቸው። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ የሚያፈርሰው ሲ ቲ ኤክስ-ኤም-15 የሚባለው ኢንዛይም ጂን ብዙ ጊዜ ከዋናው ዲ ኤን ኤ ውጭ በሆነ፣ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ዲ ኤን ኤ ላይ ይዞራል። መጣበቂያ ወይም ብረት መሰብሰቢያ ጋር ግንኙነት የላቸውም። መድኃኒት ሁሉ የሚገድለው ኢ ኮላይ ኩላሊት ሊያቃጥል ይችላል፣ ምንም የማይገድለው ደግሞ ዝም ብሎ አንጀት ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሚያስፈራው ሁለቱ አንድ ቤት ሲገናኙ ነው። ኤስ ቲ 131 የሚባለው የኢ ኮላይ ዘር እንዲህ ነው። በ2008 ከተለያዩ አህጉራት በአንድ ጊዜ ተገኝቶ ተጻፈ። ለሽንት ቧንቧ የሚመች ጂን አለው፣ ብዙዎቹ ሲፕሮፍሎክሳሲን አይነካቸውም፣ ብዙዎቹም ሲ ቲ ኤክስ-ኤም-15ን ይዘዋል። ሰው መድኃኒት ቤት ሄዶ ያለ ማዘዣ ሲፕሮ በገዛ ቁጥር ሌሎቹን ገድሎ ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ይለቅለታል። እኛ አገር ይህ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ አትነግሩኝም።

ስለ ማኖስም ብዙ ሰው ጠየቀኝ። ውጭ አገር ያላችሁ በየሱቁ ዱቄቱን ታዩታላችሁ። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ሽንት ውስጥ ነፃ ማኖስ ካለ ፊም ኤች እሱን ይይዝና ግድግዳውን ይተዋል። ሳህን ላይ ይሠራል። እንግሊዝ ውስጥ ግን 598 ሴቶች ተከፍለው ከፊሎቹ በየቀኑ 2 ግራም ማኖስ፣ ከፊሎቹ ሌላ ስኳር ለስድስት ወር ወሰዱ፣ ውጤቱም በ2024 ታተመ። ለኢንፌክሽን ዳግም ሐኪም ጋ የሄዱት ማኖስ ከወሰዱት 51 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 55.7 ከመቶ ሆኑ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን አታውጡበት እላለሁ። ፊም ኤችን ከተራው ማኖስ እጅግ አጥብቀው የሚይዙ የተሠሩ ሞለኪውሎች ላይ ግን ሥራው ቀጥሏል። በ2017 የሴንት ሉዊሱ ቡድን እንዲህ ያለውን ለአይጥ በአፍ ሰጥቶ፣ ሌሎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ብዙም ሳይነካ የሽንት ኢ ኮላይን ከአንጀት ቀነሰው። ከምንጩ ማለት ነው። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ በኩል ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር። «ታዲያ ላቦራቶሪ ለምን እነዚህን ጂኖች መርምሮ ይኼ አሳማሚ ነው፣ ይኼ አይደለም አይለንም?» መመርመሩ አይከብድም። ፒ ሲ አር፣ ማለትም ዲ ኤን ኤ አባዝቶ የሚመረምር መሣሪያ፣ ያለው ላቦራቶሪ ይሠራዋል። ችግሩ ውጤቱ የሚነግረን ነገር ማነሱ ነው። በ2017 እዚያው ሴንት ሉዊስ፣ ኢንፌክሽን ከሚመላለስባቸው ሴቶች የተወሰዱ ኢ ኮላይዎችን ጂኖች አንብበው አይጥ ላይ ሞከሯቸው። የማሳመም ጂን ብዙ የያዘው የበለጠ አላሳመመም። የተሻለ የገመተው ባክቴሪያው ሁሉም ኢ ኮላይ ያላቸውን ጂኖች እንዴት እንደሚሠራባቸው፣ የትኛውን መቼ እንደሚከፍት ነበር። የአይጧ ዘርም ለውጥ አመጣ። እንግዲህ ጂኑን ብቻ ቆጥረን «አሳማሚ» የሚል ወረቀት ብናወጣ፣ ምንም ያላመማት ሴት ደግሞ ሌላ አንቲባዮቲክ ይዛ ትሄዳለች። ለጊዜው ከጂኑ ይልቅ ሴትየዋን እንጠይቃት። ያቃጥልሻል? ያተኩስሻል? ጎንሽን ከኋላ ይወጋሻል? ያንቀጠቅጥሻል? ትኩሳትና የጎን ውጋት ካለ የዛሬ ሐኪም እንጂ የነገ አይደለም፣ ካልቸርም (ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አብቅሎ የሚለየው ምርመራ) ከመድኃኒቱ በፊት ይወሰድ።